ግድግዳው ውስጥ የቀረው መቃን

አናጢው ጀይላን ቱምቢውን፣ ያን ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበትን ገመድ፣ በቤቴ ጣራ ጠርዝ ላይ አንጠልጥሎ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ልማዱ ነው። የአናጢዎች ማኅበር የመደበለትን ቤት ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመያዝ ሲል በየቤቱ አንዳንድ መሣሪያ ጥሎ ይሄዳል፤ አንዱ ቤት መጋዝ፣ ሌላው ቤት መዶሻ፣ እኔ ቤት ቱምቢ። መሣሪያው እስካለ ድረስ ሥራው ተጀምሯል ይባላል። ሌላ አናጢ አይነካውም፤ ባለቤቱም ሄዶ አናጢው ጠፋብኝ ብሎ መክሰስ አይችልም። በዚያ ክረምት ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ስንት ሴት የጀይላንን መዶሻ ታቅፋ እንደከረመች እግዜር ይወቀው።

የእኔ ቱምቢ ግን ጀይላን ያላሰበውን ሥራ ይሠራ ነበር። ግድግዳዬ ወደ መንገዱ አዘንብሏል። ገመዱ ከላይ ቀጥ ብሎ ሲወርድ፣ በብረቱና በግድግዳው እግር መካከል ያለው ክፍተት የማዘንበሉን ልክ ያሳያል። ጀይላን በሰቀለው ቀን ሁለት ጣቴ ይገባ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መዳፌ ሙሉ ገባ። ጠዋት ጠዋት ልጆቼ ሳይነሱ እየወጣሁ እለካለሁ። ዝናቡ እንደሆነ የሚዛን ዝናብ ነው፤ ከጀመረ ማባራት አያውቅም። ወጋግራውን ደግሞ ምስጥ ከውስጥ ጨርሶታል።

ግድግዳ ወደቀ ተብሎ ሰው አይሞትም፤ ይነሣል፣ ይመረጋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ጭቃው ውስጥ ያለው ነገር ነው። እዚያ ውስጥ በር ነበረ።

አባቴ ገብረወልድ ቤቱን ሲሠራ በመንገዱ በኩል አንድ ክፍል ቀጥሎ፣ በቡና ለቀማ ወራት ብቻ ከጅማ ለሚመጣ ነጋዴ ያከራየው ነበር። ክፍሉ ወደ መንገዱ የሚከፈት የራሱ በር ነበረው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ በቀበሌያችን የቤት ቆጣሪዎቹ አሠራር ቀላል ነበር፤ ወደ መንገድ የራሱ በር ያለው ክፍል ሁሉ እንደ ሌላ ቤት ይቆጠራል፣ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ ይወሰዳል። አባቴ ቆጣሪዎቹ ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው በሩን ደፈነው። ሳንቃውን አወለቀ፣ መቃኑን ግን መንቀል አልቻለም፤ የጣራው ተሸካሚ አግዳሚ ያረፈው እሱ ላይ ነበር። እንደቆመ ማገር መትቶ መረገበት። ክፍሉ ከውስጥ በኩል መኝታ ቤት ሆነ። አሁን ልጆቼ የሚተኙት እዚያ ነው።

እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሐረርጌ ሄጃለሁ። ስመለስ በሩ የለም። አባቴ ቁጭ አድርጎ ነገሩን ነገረኝና፣ ይህን ያወቀ ቤቱን ብቻ ሳይሆን እኛንም ይወስደናል፣ ትርፍ ቤት የደበቀ አድኃሪ ነው፣ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን በሆዴ ይዤ ኖርኩ። ባለቤቴ ቱም ከተማ ያስተምራል፣ በወር አንዴ ነው የሚመጣው፤ ለእሱ እንኳ የነገርኩት ከወለድኩ በኋላ ነው።

ስመለስ የጠበቀኝ ሌላም ነገር ነበር። አባቴ ሌባ ተብሎ ጠበቀኝ።

ሌባ ያሰኘው ጎረቤታችን ከድር ነው። ከእኛ አጥር ቀጥሎ ያለ፣ በሕፃንነቴ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ገበያ የሚወስደኝ ሰው። አሮጌ ሱቁን አፍርሶ ጓሮው ካስቀመጠው እንጨት ገብረወልድ ሰርቆኛል ብሎ ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ከሰሰ። የሰው መርፌ አንስቶ የማያውቀው አባቴ ሸንጎው ፊት ቆሞ፣ አዎ ወስጃለሁ፣ አጥፍቻለሁ፣ አለ። ከዕድር ዳኝነቱ አወረዱት። መንገድ ላይ ሲያልፍ ልጆች ይጠቋቆሙበት ጀመር። ለምን አልካድክም ብዬ ስጮህበት፣ "ተይው፣ ማናልሞሽ" ብቻ ነበር መልሱ። እሱ ሲተወው እኔ አልተውኩትም። ከድርን የራሴንም የአባቴንም ድርሻ አድርጌ ጠላሁት።

በጥላቻ ደግሞ አልታማም። የከድር ሚስት ዘይቱና በየጠዋቱ ባጥሩ ላይ "እንዴት አደርሽ" ትለኝ ነበር፤ አንድ ቀን መልሼላት አላውቅም። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ጊዜ ገንፎ አገንፍታ ቅቤ አፍስሳበት ላከችልኝ። ክዳኑን ሳልከፍት መለስኩት። አባቴ ያኔ በሕይወት ነበር፤ ሳህኑ ሲመለስ አይቶ ወደ ጓሮ ወጣ። እሱ በ1973 ሞተ። ዘይቱና ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተች፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ እኔ መስኮቴን ዘግቼ የተማሪዎቼን ፈተና አረምኩ። በእኛ ሰፈር የጎረቤት ለቅሶ የሚቀር ሰው የለም። እኔ ቀረሁ፣ ደግሞም ኮራሁበት።

እንግዲህ የ1976 ክረምት መጣ። መስከረም ሁለት የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ስለሚከበር በዋናው መንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ታድሶ ኖራ እንዲቀባ ትእዛዝ ወረደ። ያላደሰውን ቀበሌው ራሱ ይረከበዋል ተባለ። አናጢ የሚመደበው በማኅበሩ በኩል ነው፤ የወደዱትን መቅጠር የለም። ለእኔ የደረሰኝ ጀይላን ነው፤ የወራቤ ልጅ፣ እጁ የተባረከ፣ ምላሱ ግን "ነገ፣ ኢንሻአላህ" ከማለት ሌላ የማያውቅ።

ጭድ ጠፍቷል፣ አጣና ከአማን ነው የሚመጣው፣ ጭቃው ገና አልቦካም፣ ይለኛል ባገኘሁት ቁጥር። ጭቃውን ራሴ አቦካሁት። ጭዱን ከሸኮ በሚመጣ መኪና ለምኜ አስመጣሁ። አጣናውን አስቆረጥኩ። ሰበቡ ሲያልቅበት ቀን ቆረጥን፤ እሑድ ጠዋት። እሑድን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ያን ዕለት የቀበሌ ሰዎች ሁሉ ለኅብረት ሥራ አማን ይወርዳሉ፤ መንገዱን የሚዞር ኮሚቴ አይኖርም። ታምሜያለሁ ብዬ እቀራለሁ፣ ግድግዳው ይፈርሳል፣ ጀይላን ጣራውን በአጣና ደግፎ መቃኑን ይነቅላል፣ እኔም ፈልጬ ጓሮ አነደዋለሁ። ሲመሽ አዲስ ማገር ይመታል። ሁሉንም አስቤያለሁ። ለጀይላን ግን ውስጡ ምን እንዳለ አልነገርኩትም። ሲያገኘው ቆሜ አዘዋለሁ አልኩ። ሰው አላምንም፤ ይኸው ነው ጥፋቴ።

ቅዳሜ ከሰዓት የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነበረብኝ። የቀረች ስሟ ይያዛል። ስለ በዓሉ ሰልፍ፣ ስለ መፈክር፣ ማን ነጭ ለብሶ ከየት እንደሚቆም ሲነገር ቆይቶ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተለቀቅን። ዝናቡ አባርቷል። ወደ ቤቴ ስታጠፍ መንገዱ ላይ የጭቃ ክምር አየሁ፤ ግድግዳው ወደቀ ብዬ ሮጥኩ።

ግድግዳው አልወደቀም። ሦስት ሳምንት የዘገየው ሰውዬ አንድ ቀን ቀድሞ መጥቷል።

ጭቃውን ከላይ እስከ ታች አራግፎ፣ የተበላውን ወጋግራ አውጥቶ ጥሎታል። በመሃል የአባቴ በር መቃን ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ደፉ ከታች፣ ጉበኑ ከላይ፣ ወደ መንገዱ አፉን ከፍቶ። በውስጡ የልጆቼ አልጋ ይታያል። ጀይላን ቁጢጥ ብሎ እንጨቱን በተቃጠለ ዘይት ይወለውለዋል፤ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል።

ዛሬ ለምን መጣህ አልኩት። ነገ ለአናጢዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር ኮርኒስ እንዲመታ ታዟል፣ ስለዚህ የእኔን ዛሬ ሊጨርስልኝ ነው የመጣው። ደስ እንዲለኝ ጠብቆ ነበር። ከዚያ እንጨቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

"ቀረሮ ነው፣ መምህርት። ምስጥ አልደፈረውም። እንዲህ ያለውን ማን ጭቃ ውስጥ ይቀብራል? ሥራ ያስተማሩኝ ሰውዬ የቆመ መቃን ካገኘህ አትንቀል፣ በሩን መልስለት ይሉኝ ነበር። ሳንቃውን ሰኞ እሰቅልልሻለሁ።"

ንቀለው አልኩት። አሁኑኑ። ጀይላን በመገረም አየኝና ሥራውን ያስረዳኝ ጀመር፤ አግዳሚው ያረፈው እሱ ላይ ነው፣ መጀመሪያ በግራና በቀኝ አጣና መቆም አለበት፣ ቢፈጥን አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ደግሞስ ለምን ሲባል? ለምን እንደሆነ ልነግረው አልችልም። ጆንያ ከጓዳ አውጥቼ ጉበኑ ላይ መስቀል ጀመርኩ። ሚስማሩ ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። ደግሜ ሳነሳው ከኋላዬ የሰው ድምፅ ሰማሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ሁለቱም በአንድ ከሰዓት ሊደርሱብኝ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፈንታው ነበር፤ የእድሳት ኮሚቴውን አስከትሎ፣ የቤቶቹን መዝገብ ባዘዘው ለሚባለው ጸሐፊ አሸክሞ። ፈንታው ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ ነው፤ ከተማችንን ካወቃት ሁለት ዓመቱ። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ያየውን ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም፣ ይኸው ነው። ጆንያውን በሁለት ጣቱ ገለጥ አደረገና በሩ አዲስ ነው ወይስ አሮጌ ብሎ ጠየቀ።

መስኮት ላወጣ አስቤ ነው አልኩ።

ፈንታው ቁጢጥ አለ። አውራ ጣቱን በደፉ ላይ አሳለፈው። እንጨቱ በመሃሉ ጎድጉዷል፤ የዓመታት እግር የሠራው ነው። "መስኮት በእግር አይረገጥም" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጀይላንን ከየት እንዳመጣው ጠየቀው። ጀይላን ምን ያውቃል? እውነቱን ተናገረ። ግድግዳው ውስጥ ቆሞ አገኘሁት፣ ተመርጎበት ነበር፣ የቆየ ምርግ ነው፣ አለ።

ማን መረገው፣ መቼ፣ ለምን፤ ጥያቄው ወደ እኔ ዞረ። አባቴ ነው፣ እኔ ዘመቻ ላይ ነበርኩ፣ አላውቅም፣ አልኩ። ዘመቻ የነበርኩበትን ዓመት ጠየቀኝ። ነገርኩት። የአዋጁ ዓመት እንደሆነ ለመቁጠር ጣት አላስፈለገውም። ፊቱ ጠበቅ አለ። አንገቱን አስግጎ ክፍሉን አየ፤ አልጋውን፣ የልጆቼን ደብተር፣ ወደ ውስጥ የሚያስገባውን ሌላኛውን በር። የሚያሰላው ገብቶኛል። አንድ ክፍል፣ አንድ የመንገድ በር፣ አንድ ቁጥር ያልተለጠፈበት ቤት።

"በዚያ ዘመን እዚህ የነበረ ጎረቤት ማን ነው?" አለ።

በግራችን ያኔ ባዶ ቦታ ነበር። በቀኝ ያለው አንድ ሰው ነው። ባዘዘው ስሙን ሲጠራ ጆሮዬን ልደፍን ምንም አልቀረኝም። ከድር።

ሰው ተሰብስቧል። ከድር ብትሩን እየተመረኮዘ መጣ፤ ከዘይቱና ወዲህ በጣም አርጅቷል። እኔን አላየኝም። መቃኑን ግን ከላይ እስከ ታች አየው፣ ረጅም ጊዜ። በሩን በየቀኑ ሲያየው የኖረ ሰው ነው፤ ነጋዴውም በዚያ በር ወጥቶ ሱቁ ድረስ ሄዶ ስኳር ይገዛው ነበር። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። ስምንት ዓመት ሰላምታ የነፈግኩት ሰው ዛሬ በአንድ ቃል ይከፍለኛል።

ፈንታው ይህን እንጨት ያውቁታል ወይ አለው።

"እንዴት አላውቀው? የኔ ነው" አለ ከድር። "የፈረሰው ሱቄ በር ነው። ገብረወልድ የሰረቀኝ።"

ደሜ ወደ ራሴ ወጣ። ሞቶ እንኳ አልተወውም! ሦስት ዓመት አፈር ለብሶ፣ ልጁ መንገድ ላይ ተይዛ፣ አሁንም ሌባ። ያ መቃን የአባቴ ነው። እሱ ያስጠረበው፣ እሱ ያቆመው፣ በልጅነቴ እጄን ይዞ በዚያ ደፍ ያዘለለኝ እሱ። "አባቴ ሌባ አልነበረም" አልኩ። ድምፄ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ።

ፈንታው ቀስ ብሎ ዞረ። "እንግዲያስ መቃኑ የማን ነው?"

አፌን ከፈትኩ። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ የእኛ ነው፣ የራሳችን በር ነው። እሱን ብል የአባቴ ስም ይጸዳል፣ ቤቱም ልጆቼም እኔም እንጠፋለን። ባልል ያ ሽማግሌ አባቴን በአደባባይ እንደገና ሌባ አድርጎ ወደ ቤቱ ይገባል። በሕይወቴ ዝም ማለት እንደዚያ አቃጥሎኝ አያውቅም። ከድር ብትሩን ደፉ ላይ ጠቅ አደረገና፣ ያላመነ መዝገብ ያይ፣ አለ።

ባዘዘው ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ጊዜም የሸንጎው ጸሐፊ እሱ ነበር፤ ክሱን አስታወሰ፣ ፋይሉ ቢሮ አለ አለ። ፈንታው ላከው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ባዘዘው ሄዶ እስኪመለስ ዝናብ ጀመረ። ማንም አልሄደም። ሰዉ በየጣራው ጠርዝ ተጠጋ፤ ፈንታው በመቃኑ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል፣ ከድር ከነብትሩ ዝናብ ላይ ቆሟል። ጀይላን ነገር እንዳበላሸ ገብቶታል፤ ምን እንዳበላሸ ግን አልገባውም፣ ጨርቁን በእጁ ያሻሸዋል። እኔ ከድርን አየዋለሁ። ውሸታም፣ እላለሁ በሆዴ። በሩ የማን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

ባዘዘው ፋይሉን ከካፖርቱ ሥር አወጣ። ፈንታው ከጣራው ሥር አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበው። ጥቅምት 1968 ዓ.ም.። ከሳሽ ከድር፣ ተከሳሽ ገብረወልድ። የተሰረቀው ንብረት፤ አንድ የቀረሮ እንጨት የበር መቃን ከነደፉና ከነጉበኑ። ደፉ በመሃሉ የተረገጠና የጎደጎደ። በግራ ቋሚው ላይ በልጅ ቁመት ልክ ሦስት የሚስማር ቀዳዳ ያለው። ተከሳሹ እንጨቱን ለግድግዳው ድጋፍ አድርጎ እንደመረገበት አምኗል። ቢነቀል ጣራው ስለሚወርድ ግድግዳው እስኪታደስ ባለበት እንዲቆይ ተወስኗል።

ፈንታው ጣቱን በግራው ቋሚ ላይ አወረደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ሦስቱን ሚስማር የመታልኝ አባቴ ነው። አንደኛ ክፍል የገባሁ ዓመት፣ ነጋዴው በሌለበት ወራት ክፍሉ የእኔ መጫወቻ ነበርና፣ ቦርሳዬን እሰቅልበት ብዬ አልቅሼ። በውስጥ በኩል ናቸው፤ ከመንገድ አይታዩም። ከድር ሊያውቃቸው አይችልም። ይህን ክስ ያስጻፈው ቀዳዳዎቹን የሚያውቅ ሰው ነው።

ያኔ ገባኝ። እዚያው ቆሜ፣ ዝናቡ እየመታኝ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። አንድ ቀን ግድግዳው እንደሚፈርስ አባቴ ያውቅ ነበር። መቃኑ በወጣ ቀን መልስ የሚሆን ወረቀት ቀድሞ አስቀመጠ። ለወረቀቱ ሌባ ያስፈልግ ነበር፣ ሌባውን ራሱ ሆነ። ከድር የዋሸው ለማን እንደሆነ አንድም ጊዜ ጠይቄ አላውቅም።

"መምህርት" አለ ፈንታው። "ጥያቄዬን አልመለስሽም። መቃኑ የማን ነው?"

ከድር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት ነበረ፤ ለራሱ አልነበረም።

"የጋሽ ከድር ነው" አልኩ። "አባቴ ሰርቆ ነው።"

ከሰዉ መካከል አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ፈንታው ፋይሉን አጠፈ። ቅር ያለው ይመስላል፤ የያዘው ዓሣ ነበር የሾለከበት። መዝገቡ ላይ የሆነ ነገር ጻፈና ትእዛዙን ሰጠ፤ የተሰረቀው ንብረት ዛሬውኑ ለባለቤቱ ይመለስ፣ ግድግዳው እስከ ሰኞ ይዘጋ። ከዚያ ጥቂት አሰበና ጨመረበት። እንጨቱን ተሸክማ የምትመልሰው እኔው እንድሆን፣ ለሌላውም ትምህርት እንዲሆን። ኮሚቴው ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ።

ጀይላን አጣናውን አቁሞ፣ አግዳሚውን ደግፎ፣ መቃኑን ነቀለው። አንድ ሰዓት ይፈጃል ያለው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ቋሚዎቹን እሱ ተሸከመ፣ ደፉን እኔ። ከባድ እንጨት ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የአባቴን ደፍ በትከሻዬ ይዤ ወደ ከድር ግቢ ገባሁ። ጀይላን የያዘውን ጥሎ ጭቃውን ዝናብ እንዳይወስደው ተመለሰ። እኔ ቀረሁ።

ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ሴት እንደሌለበት ግን ይታወቃል። ደፉን አውርጄ ቆምኩ። ከድር በርጩማ ገፋ አደረገልኝ፤ በርጩማው ላይ አልተቀመጥኩም፣ ምንጣፉ ላይ፣ ለቀስተኛ እንደሚቀመጠው ተቀመጥኩ። "አላህ ያጽናዎት" አልኩ። አንድ ዓመት ዘግይቼ። ከዚያ በኋላ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ በአጭሩ ነገረኝ። አሳቡ የአባቴ ነው። ከድር እምቢ ብሎ ሦስት ቀን ተከራክሮታል፤ ጎረቤቴን እንዴት ሌባ እላለሁ ብሎ። አባቴም፣ ለወዳጁ የሚዋሽን ሰው ሁሉም ይጠረጥራል፣ ለጠላቱ የሚዋሽን ግን ማንም አይጠረጥርም፣ ብሎ አሸነፈው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ መንገድ ላይ ሰላም አልተባባሉም። አባቴ ሲሞት ከድር ቀብሩ ላይ አልቆመም። በጓሮ በኩል አጥሩ ሥር ቆሞ የኔን ጩኸት ሲሰማ ዋለ።

"እሱ ሲሞት እንኳ ለምን አልነገሩኝም?" አልኩት።

"ፊትሽ አይደብቅም፣ ልጄ። ከሕፃንነትሽ። አውቀሽ ቢሆን ዛሬ ያን ያህል ትቆጪ ነበር? ፈንታው ያመነው ወረቀቱን ብቻ መሰለሽ?"

ዘይቱናስ ታውቅ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ከድር ወደ ደፉ ተመለከተ።

"በሩ የተደፈነበትን ጭቃ በእግሯ ያቦካችው እሷ ናት" አለ። "ያን ገንፎ የመለስሽ ቀን ትናደዳለች ብዬ ፈራሁ። ሳቀች። የገብረወልድ ልጅ ጥሩ ጠላት ሆና ወጣች፣ ቤቱ አይወሰድም፣ አለችኝ።"

ስወጣ በሩ ላይ አቆመኝ። ደጅ ስንገናኝ ሰላም እንዳልለው አስጠነቀቀኝ። ፈንታው ገና እዚህ ነው፤ ዛሬ የተዋረደች ሴት ነገ ከከሳሿ ጋር ስትሳሳቅ ካየ ፋይሉን ደግሞ ያነበዋል። በጓሮ ግን አጥሩ ላይ ሁለት አጣና ላላ ያለ ነው፤ አባቴ ያላላው ነው አለኝ።

ሰኞ ጀይላን በሰዓቱ መጣ። ባጠፋው ነገር እየተሸማቀቀ እንደ ሁለት ሰው ሠራ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ማገሩን መትቶ የመጀመሪያውን ምርግ ጀመረ። እኔ ጭቃ አቀብለዋለሁ። በመንገዱ ላይ ከድር ብትሩን እየተመረኮዘ መጣ። ባዘዘው ከማዶ ቆሞ ነበር። ከድር አጠገቤ ሲደርስ እንደ ልማዱ ምራቁን ወደ ጎን እንትፍ አለ። እኔም እንደ ልማዴ ፊቴን አዞርኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሳዞረው እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ጀይላን መሰላሉ ላይ ሆኖ አየን። ከድር ካለፈ በኋላ ፈራ ተባ እያለ ተናገረኝ። ሰውየው ሽማግሌ ነው፣ ሚስቱም ሞታበታለች፣ እንጨቱም ተመልሶለታል፣ ነገር መቼም ማለቂያ አለው፣ የሙስሊም የክርስቲያን ሳይባል ይቅር መባባል ደግ ነው፣ አለኝ።

ፊቴን ከግድግዳው አላነሳሁም፤ እንባዬን እንዳያይ።

"አንተ ምርግህን መርግ" አልኩት።